ራም ቢጨመርም የማይሰፋው ወሰን፦ በ32 ቢት ሲስተሞች ላይ ስለሚሠሩ ዳታቤዞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤ ዛሬ የማነሳው ርእሰ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ጊዜው ያለፈበት ሊመስል ይችላል። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ለተባለው ዳታቤዙ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2013፣ ለዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የሚሰጠውን ደግሞ በጁላይ 2015 ነው። ነገር ግን ድጋፍ የቆመለት ሲስተም ሁሉ ሥራውን አያቆምም። የሠራው ድርጅት የፈረሰ፣ ምንጭ ኮዱ የት እንደገባ የማይታወቅ የደመወዝ ወይም የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ሲስተም ላይ በየወሩ ሥራውን ሲሠራ ይኖራል፤ የተንገዳገደ ቀን የሚጠራውም ባለሙያ ሲስተሙ ሲገዛ ገና ተማሪ የነበረ ወጣት ነው። ይህ ወጣት ከሰርቨሩ ክፍል እንደገባ የሚሰማው ቅሬታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ራም ጨመርንለት፤ ምንም ለውጥ የለም።»

ለውጥ የማይኖርበትን ምክንያት ማስረዳት ነው የዛሬው ሥራዬ። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ዳታቤዙን የሚያንቀው አብዛኛውን ጊዜ የተገዛው የራም መጠን ሳይሆን ፕሮሰሱ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ ሊጠራው የሚችለው የአድራሻ ብዛት ነው። ያ የአድራሻ ክልል ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጣሪያ ባላቸው ክፍሎች የተሸነሸነ ነው። የትኛው ክፍል እንደሞላ ሳይለዩ የሚወሰድ እርምጃ አንዱን ሲያሰፋ ሌላውን ያጠብባል።

ከሒሳቡ እንጀምር። በ32 ቢት ሊገለጽ የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4,294,967,296 ነው፤ እያንዳንዱ አድራሻ አንድ ባይት ስለሚጠራ ይህም 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ዊንዶውስ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ ክልል ለሁለት እኩል ይከፍለዋል፤ የታችኛውን 2 ጊጋባይት ለፕሮግራሙ ሲሰጥ፣ የላይኛውን 2 ጊጋባይት ለከርነሉ፣ ማለትም ለዊንዶውስ እምብርት፣ ያስቀራል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ፔንቲየም ፕሮ ላይ ፒኤኢ የተባለውን ዘዴ ሲያስገባ የራም አድራሻ ወደ 36 ቢት ከፍ አለ፤ አንድ ማሽን እስከ 64 ጊጋባይት ሊይዝ ቻለ። ሆኖም ያደገው ፕሮሰሰሩ ወደ ራም የሚልከው አድራሻ እንጂ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ የሚይዘው ቁጥር፣ አይደለም፤ ፖይንተሩ እዚያው 32 ቢት ላይ ቀረ። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሣ 16 ጊጋባይት ይቆጥራል፣ ዊንዶውስም 16 ጊጋባይት ብሎ ያሳያል፣ ዳታቤዙ ግን ልዩ ዝግጅት ካልተደረገለት በቀር ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለውን በስሙ ሊጠራው አይችልም።

በዚህ ላይ የፈቃድ ወሰን ይጨመራል። ዊንዶውስ 2000 ሰርቨር እስከ 4 ጊጋባይት፣ አድቫንስድ ሰርቨር እስከ 8፣ ዳታሴንተር እስከ 32 ጊጋባይት ብቻ ይቀበሉ ነበር። ባለ32 ቢቱ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ስታንዳርድ በ4 ጊጋባይት ይቆማል። የኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ስታንዳርድ ደግሞ የቱንም ያህል ራም በሥሩ ቢኖር ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። ራም ለመግዛት ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የዊንዶውሱንና የዳታቤዙን ዕትም ስም ማንበብ ይገባል፤ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ሳይደረግ ይቀራል።

አሁን ወደ 2 ጊጋባይቱ ውስጥ እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ከክልሉ ላይ የተወሰነ ቦታ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ባለሙያዎች ሜም ቱ ሊቭ የሚሉት ይህን ቦታ ነው። መጠኑ እንዲህ ይሰላል፦ 256 ሜጋባይት መነሻው ነው፤ ከዚያም በፕሮሰሱ ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄዱ 255 የሥራ ትሬዶች ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሜጋባይት ስታክ (የትሬዱ የግል ጊዜያዊ ቦታ) ሲታሰብ 128 ሜጋባይት ገደማ ይጨመራል፤ ድምሩ 384 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። ከ2,048 ሜጋባይት ላይ ይህ ሲቀነስ ለባፈር ፑሉ፣ ማለትም የመረጃ ገጾችና የተዘጋጁ የኩዌሪ (የመረጃ ጥያቄ) ዕቅዶች ለሚቀመጡበት ዋና ቋት፣ የሚተርፈው 1.6 ጊጋባይት ያህል ነው። በድሮ ሰርቨሮች የሪፖርት ገጽ ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት 1.6 የሚለው ቁጥር የመጣው ከዚህ ቅናሽ ነው።

ባፈር ፑሉ የሚሰጠው ቦታ በ8 ኪሎባይት ገጽ የተቆራረጠ ነው። ከ8 ኪሎባይት የሚበልጥ ተከታታይ ቦታ የሚጠይቅ ሁሉ ወደ ሜም ቱ ሊቭ ይላካል። ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያገናኙ የኦኤልኢ ዲቢ ሾፌሮች፣ ከውጭ የተጫኑ ኤክስቴንድድ ስቶርድ ፕሮሲጀሮች፣ የኤክስኤምኤል ሰነድ መተንተኛው፣ የባክአፕ ቋቶች፣ ሁሉም የሚኖሩት በዚያች ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። ክልሏ ስትሞላ ወይም ስትበጣጠስ በስሕተት መዝገቡ ላይ 65,536 ባይት ተከታታይ ቦታ መያዝ አልተቻለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የተጠየቀው 64 ኪሎባይት ብቻ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ብዙ ጊጋባይት ነፃ ራም ሊኖረው ይችላል። መልእክቱን ያነበበው ኃላፊ «ሜሞሪ አነሰው» ብሎ ራም ያዛል፤ የመጣው ራም ግን ወደዚያች ክልል አንድ ባይት እንኳ አይጨምርም።

ለዚህ ችግር ከማውቃቸው ምክንያቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመኝ የኔትወርክ ፓኬት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከው የመረጃ እሽግ፣ መጠን ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨር ነባሪ ፓኬት 4,096 ባይት ነው፤ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚያዙት ቋቶች በዚህ መጠን ከሆኑ ባፈር ፑሉ ውስጥ ያለ ችግር ይገባሉ። ይሁን እንጂ የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ የሆነው የዶት ኔት የመጀመሪያ ዕትሞች፣ 1.0 እና 1.1፣ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኙ በነባሪነት 8,192 ባይት ይጠይቁ ነበር። ይህ ቁጥር ለራሱ ልክ 8 ኪሎባይት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ገጽ ላይ ለአስተዳደር የሚያዙት ባይቶች ሲታሰቡ ከገጹ ያልፋል፣ ስለዚህ ቋቱ በሙሉ ወደ ሜም ቱ ሊቭ ይሄዳል። አንድ ግንኙነት የሚይዘው እንዲህ ያለ ቋት ሦስት ስለሆነ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ከፍቶ የሚተው ፕሮግራም ያቺን ክልል ቀስ በቀስ ይበላታል። በዶት ኔት 2.0 ነባሪው ወደ 8,000 ባይት ዝቅ እንዲል ተደርጓል። በአሮጌው ፕሮግራም ላይ ግን መድኃኒቱ በግንኙነት ጽሑፉ ላይ የፓኬቱን መጠን 4,096 ብሎ መጻፍ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰርቨሩንም ማስነሣት አያስፈልግም። ይህ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ የሰረዝ ጂ መነሻ ትእዛዝ አለ፤ ሰረዝ ጂ 384 ተብሎ ቢጻፍ የ256ቱ መነሻ ወደ 384 ሜጋባይት ያድጋል፣ የተጨመረው 128 ሜጋባይት ግን ከባፈር ፑሉ ላይ የተወሰደ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚሮጥለትን የ3 ጂቢ ትእዛዝ እንይ። ይህ ዊንዶውስ ሲነሣ በሚያነበው የቡት ዶት አይኤንአይ ፋይል መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ የክልሉን አከፋፈል ይቀይረዋል፤ ለፕሮግራሙ 3፣ ለከርነሉ 1 ጊጋባይት ይሆናል። ባፈር ፑሉም ከ1.6 ወደ 2.6 ጊጋባይት ገደማ ከፍ ይላል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ከርነሉ ግን የተወሰደበትን ቦታ ለጌጥ አልነበረም የያዘው፤ የፋይል ካሹ፣ ፔጅድና ኖንፔጅድ ፑል የሚባሉት ቋቶች፣ የኔትወርክና የዲስክ ሾፌሮች የሚጠቀሙባቸው የገጽ ሠንጠረዥ ረድፎች እዚያ ነበሩ። ባክአፕ በኔትወርክ በሚወጣበት ሌሊት እነዚህ ረድፎች ያልቁና ሰርቨሩ እንዳለ ይቆማል፤ ጠዋት የመጣው ሰውም ዳታቤዙን ይወቅሳል። በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ላይ ዩዘርቪኤ የተባለ ተጨማሪ ትእዛዝ ስላለ 3,072 ሜጋባይቱን በሙሉ ከመውሰድ 2,900 ወይም 3,030 ብሎ ለከርነሉ ጥቂት መተው ይቻላል፤ ትእዛዙን መጠቀም ግድ ከሆነ እኔ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። ከርነሉ ለእያንዳንዱ ባለ4 ኪሎባይት የራም ገጽ አንድ መዝገብ ይይዛል፤ 16 ጊጋባይት ማለት ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በላይ ገጾች ማለት ነው። ይህ መዝገብ በ1 ጊጋባይት ጠብቦ ከተቀመጠ ከርነል ጋር ከዚያ በላይ ሊያድግ ስለማይችል፣ የ3 ጂቢ ትእዛዝ ያለበት ዊንዶውስ ከ16 ጊጋባይት በላይ ያለውን ራም ጨርሶ አያየውም። 32 ጊጋባይት በተገጠመለት ማሽን ላይ ይህን ትእዛዝ የጻፈ ሰው በአንድ መስመር ግማሹን ራም አጠፋ ማለት ነው።

ከ4 ጊጋባይት በላይ ለመውጣት የቀረው መንገድ ኤደብሊውኢ የሚባለው ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በዶስ ዘመን ፕሮግራሞች 640 ኪሎባይት ሲጠባቸው 64 ኪሎባይት በሆነች መስኮት በኩል ተጨማሪ ሜሞሪ እያፈራረቁ ይመለከቱ ነበር። ኤደብሊውኢም ያው ዘዴ በሰፊው ነው፤ ዳታቤዙ ከክልሉ ውጭ ያለ ራም ይይዛል፣ የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ወደ ክልሉ እያመጣ ያነባል። ጓዳው ሰፋ እንጂ ገበታው አልሰፋም፤ የሚበላው ገበታው ላይ የቀረበው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታየት አለበት። በኤደብሊውኢ ጓዳ ውስጥ ሊቀመጡ የሚችሉት የመረጃና የኢንዴክስ ገጾች ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የመረጃ ገጽ መጠኑ ቋሚ ነው፣ የሚጠራውም በፋይልና በገጽ ቁጥር ስለሆነ ዛሬ በአንድ አድራሻ፣ ነገ በሌላ አድራሻ ላይ ቢቀመጥ ማንንም አያሳስትም። የኩዌሪ ዕቅድ ግን በፖይንተር እርስ በርሱ የተሳሰረ ስለሆነ ቦታውን ከለቀቀ ይፈርሳል። ስለዚህ የዕቅድ ካሹ፣ የመቆለፊያ መዝገቦቹ፣ የግንኙነት ቋቶቹ፣ ለመደርደርና ለማዛመድ የሚያዘው የሥራ ቦታ ሁሉ እንደ በፊቱ በ2 ጊጋባይቱ ውስጥ ይጨናነቃል። ችግራችሁ ትልልቅ ሠንጠረዦች ከዲስክ መነበባቸው ከሆነ ኤደብሊውኢ ትልቅ ባለውለታ ነው። ችግራችሁ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ኩዌሪውን ከነቁጥሩ እየጻፈ በሺዎች የሚቆጠሩ ለየቅል የሆኑ ዕቅዶች ማከማቸቱ ከሆነ ግን አንዳች አይፈይድም።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አገልግሎቱ የሚሠራበት አካውንት የሜሞሪ ገጾችን የመቆለፍ መብት ካልተሰጠው ኤደብሊውኢ አይነሣም። በኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 ላይ ደግሞ የተያዘው ራም ሰርቨሩ እስኪጠፋ ድረስ አይለቀቅም፤ ከፍተኛው መጠን በቁጥር ካልተወሰነ ለዊንዶውስ 128 ሜጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ትቶ ሁሉንም ይወስዳል። ታስክ ማናጀር ይህን ራም በፕሮሰሱ ሥር ስለማያሳይ፣ 12 ጊጋባይት የያዘው ዳታቤዝ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የያዘ መስሎ ይታያል። እውነተኛው ቁጥር ያለው በፐርፎርማንስ ሞኒተር ውስጥ፣ ቶታል ሰርቨር ሜሞሪ በሚለው ቆጣሪ ላይ ነው።

ስለ ሌላው ዳታቤዝ፣ ስለ ኦራክል፣ ብዙ አልልም፤ አንድ ልዩነት ግን አለው። በዩኒክስ ላይ ኦራክል ለእያንዳንዱ ተገልጋይ የራሱን ፕሮሰስ ሲከፍት፣ በዊንዶውስ ላይ ሁሉም ተገልጋይ በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያለ ትሬድ ነው። ስለዚህ የጋራው ሜሞሪ ኤስጂኤ፣ የየተገልጋዩ የግል ሜሞሪ ፒጂኤና የእያንዳንዱ ትሬድ ስታክ በአንድ 2 ጊጋባይት ይሻማሉ። ለአንድ ትሬድ በነባሪነት 1 ሜጋባይት ስታክ ስለሚያዝ 500 ተገልጋይ ማለት 500 ሜጋባይት አድራሻ ማለት ነው፤ ኦራ 04030 የሚለው የሜሞሪ እጥረት ስሕተት በብዛት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ልማዳዊው ምላሽ ኤስጂኤውን ማሳደግ ነው፤ ትክክለኛው ምላሽ ኤስጂኤውን መቀነስ ወይም ኦራስታክ በሚባለው መሣሪያ ስታኩን ማሳነስ ነው።

ባለ32 ቢቱ ሊኑክስ ከመነሻው 3 ለ1 ስለሚከፍል ትንሽ ይሻላል፤ ነገር ግን እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ ፕሮሰስ 2 ጊጋባይት የጋራ ሜሞሪ በ4 ኪሎባይት ገጽ ሲያያይዝ 524,288 የገጽ ሠንጠረዥ ረድፎች ያስፈልጉታል፤ በፒኤኢ አንዱ ረድፍ 8 ባይት ስለሆነ ለአንድ ፕሮሰስ 4 ሜጋባይት ይሆናል። ሁሉንም ገጽ የነኩ 300 ግንኙነቶች ካሉ 1.2 ጊጋባይት የሚሄደው ለመረጃ ሳይሆን መረጃው የት እንዳለ ለመመዝገብ ብቻ ነው። ሂዩጅ ፔጅ የሚባሉትን ባለ2 ሜጋባይት ገጾች መጠቀም ረድፎቹን ወደ 1,024 ያወርዳቸዋል። ፖስትግሬስ ከተባለው ዳታቤዝ ጋር ለምትሠሩ ደግሞ፣ ከ9.3 በፊት ያሉት ዕትሞች የጋራ ሜሞሪያቸውን ሲስተም ፋይቭ በተባለው የድሮ የዩኒክስ መንገድ ስለሚይዙ፣ በአሮጌው የሊኑክስ ከርነል ላይ ሽምማክስ የተባለው ወሰን በነባሪነት 32 ሜጋባይት መሆኑን ካላስተካከላችሁ በቀር ትልቅ ቋት ስትጠይቁ ዳታቤዙ አይነሣም።

ወደ እኛው ጽሑፍ ልምጣ፤ በአማርኛ መረጃ የሚይዙ ዳታቤዞች በእነዚህ ጠባብ ወሰኖች ውስጥ ምን ይገጥማቸዋል የሚለው ተደጋግሞ ይነሣልና። «ግዕዝ ፊደል ሁለት እጥፍ ሜሞሪ ይበላል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ ዩኒኮድ በሚይዘው የኤስኪውኤል ሰርቨር ኤንቫርቻር ዓምድ ውስጥ 2 ባይት የሚይዝበትን ቦታ አገኘ። «አበበ» በዚህ ዓምድ ውስጥ 6 ባይት ነው። ይኸው ስም በላቲን ሲጻፍ 5 ፊደላት ስለሆነ ለአንድ ፊደል 1 ባይት በሚይዘው ቫርቻር 5 ባይት፣ በኤንቫርቻር ግን 10 ባይት ይሆናል። አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ሆሄ ስለሚጻፍ ልዩነቱ ከሚወራው በጣም ያንሳል። በዩቲኤፍ 8 ሆሄው 3 ባይት ስለሚሆን ስሙ 9 ባይት ይይዛል። እውነተኛው ብክነት ያለው በሆሄው ሳይሆን በዓምዱ አበጃጀት ላይ ነው፤ መጠኑ ቋሚ በሆነው ኤንቻር 50 ተብሎ የተበጀ የስም ዓምድ ሦስት ሆሄ ቢጻፍበትም 100 ባይት ይይዛል፣ በየገጹ ይባዛል፣ ያቺን 1.6 ጊጋባይት በባዶ ቦታ ይሞላል። በማይኤስኪውኤል ደግሞ ቫርቻር 255 የሆነ የዩቲኤፍ 8 ዓምድ በድሮዎቹ ዕትሞች የሜሞሪ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ሙሉ 765 ባይቱን ይወስዳል፤ በነባሪው የ16 ሜጋባይት ወሰን ከ22 ሺህ ያነሱ ረድፎች ሲገቡ ሠንጠረዡ ወደ ዲስክ ይወርዳል። ዓምዱን ለስም በሚበቃው ልክ መቁረጥ ከማንኛውም የቡት ትእዛዝ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

እንግዲህ መውጫው 64 ቢት ነው። ኤኤምዲ ባለ64 ቢቱን ፕሮሰሰር ኦፕትሮንን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ማይክሮሶፍት ባለ64 ቢቱን ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ያወጣው በ2005 ነው፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ኤደብሊውኢን ጨርሶ ሲተወው፣ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ባለ32 ቢት ዕትም የለም። ፕሮግራሙ ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2000 የማይላቀቅ ከሆነ ግን መካከለኛ መንገድ አለ፦ ሰርቪስ ፓክ 4 የተጫነበትን ባለ32 ቢት ዳታቤዝ በባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ማስቀመጥ። በዚያ ከርነሉ ከክልሉ ስለሚወጣ ዳታቤዙ 4 ጊጋባይቱን በሙሉ ለብቻው ያገኛል፤ የ3 ጂቢ ትእዛዝም የሚያመጣው መዘዝም ይቀራል። የኤደብሊውኢን ጓዳ ከማስፋት ይህን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ለዕቅድ ካሹም ለሜም ቱ ሊቭም እውነተኛ ቦታ ይሰጣል።

ሙሉ በሙሉ ለመሸጋገር የምትዘጋጁ የ2000ውን ባክአፕ በኤስኪውኤል ሰርቨር 2012 ወይም ከዚያ በኋላ በመጣ ዕትም ላይ በቀጥታ መመለስ እንደማይቻል አስቀድማችሁ እወቁ፤ መጀመሪያ በ2008 ወይም በ2008 አር 2 ላይ መልሳችሁ፣ ከዚያ አዲስ ባክአፕ ወስዳችሁ ነው ወደፊት የምትሄዱት። አዲሱ ማሽን ላይ ከደረሳችሁም በኋላ የዳታቤዙን ከፍተኛ ሜሞሪ በቁጥር ወስኑ። በ64 ቢት ላይ የአድራሻ ጣሪያው በተግባር ስለማይደረስበት ዳታቤዙ ያገኘውን ራም ሁሉ ይይዛል፤ በተለይ በባለ64 ቢቱ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ላይ ትልቅ ፋይል በሚገለበጥበት ጊዜ ዊንዶውስ የዳታቤዙን ሜሞሪ ነጥቆ ወደ ዲስክ ሊያወርደው ይችላል። ያ ሲሆን በስሕተት መዝገቡ ላይ 17890 የሚል ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው የሌሊት ባክአፕ ባለቀ ማግስት መዝገቡን ከፍታችሁ ይህን ቁጥር ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ከፍተኛውን መጠን ዝቅ አድርጉ፣ ለአገልግሎቱም አካውንት ገጾችን የመቆለፍ መብት ስጡት።